ሰጋር ማርሽ፦ ኦቨርድራይቭ ምንድን ነው? ለአሮጌ መኪናስ ይሆናል?

ኦቨርድራይቭን ብዙ ሾፌር የሚያውቀው በአሮጌ ቶዮታ አውቶማቲክ ማርሽ ዱላ ላይ ባለችው ትንሽ ቁልፍ ነው። ስትጫናት ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚል መብራት ይበራል። አንዱ ጉልበት ትጨምራለች ይላል፣ ሌላው ፍጥነት ትጨምራለች ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ መኪናውን ከገዛ ጀምሮ መብራቱን አብርቶ ይነዳና ቤንዚን በላብኝ እያለ ያማርራል። መብራቱ ሲበራ ኦቨርድራይቩ ጠፍቷል ማለት መሆኑን የነገረው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ሦስት ጊዜ ያህል ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ዙር ተሰጥቶ ጉልበት ይገዛል። ማርሹ ከፍ እያለ ሲሄድ ልዩነቱ ይጠብና አንድ ለአንድ ይደርሳል። የድሮዎቹ መኪኖች አብዛኞቹ እዚህ ላይ ያበቁ ነበር። ኦቨርድራይቭ ከአንድ ለአንድ በላይ ያለው ማርሽ ነው፤ ሞተሩ 0.70 ዙር ሲዞር የሚወጣው ዘንግ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። ቀላሉ አሠራር መሀል ላይ አንድ ጥርስ፣ በዙሪያው የሚሽከረከሩ ትንንሽ ጥርሶች፣ ከውጭ ደግሞ ባለጥርስ ቀለበት ነው። የመሀሉን ጥርስ ይዘህ ትንንሾቹን የተሸከመውን ክፍል በሞተሩ ብታዞረው፣ የውጭው ቀለበት ከሞተሩ በልጦ ይዞራል።

ሒሳቡን አንድ ጊዜ መሥራት ብዙ ክርክር ያስቀራል። የጎማው ቁመት ከዳር እስከ ዳር 66 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ አንድ ዙር ሲዞር 2.07 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ጎማው በደቂቃ 804 ጊዜ ያህል ይዞራል። የኋላ ዲፈረንሺያሉ 3.73 ከሆነና ካምቢዮው አንድ ለአንድ ላይ ካለ፣ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ይጮኻል። እዚያው ፍጥነት ላይ 0.70 ማርሽ ሲገባ ዙሩ ወደ 2100 ይወርዳል። መኪናው አልፈጠነም፣ አልጎለበተም፤ ሞተሩ ብቻ አርፏል። ዙሩ 30 በመቶ ቀነሰ ማለት ነዳጁም 30 በመቶ ቀነሰ ማለት አይደለም። የሚገፋው ነፋስና የመኪናው ክብደት ያው ናቸው፤ ትልቁ ትርፍ ጫጫታው መቀነሱ፣ ንዝረቱ መለዘቡና የሞተሩ ዕድሜ መርዘሙ ነው።

ለዚህ ማርሽ ስም ስንፈልግ በመጀመሪያ የሚመጣው «ትርፍ ማርሽ» ነው፤ ግን ትርፍ ጎማን ስለሚያስታውስ ለክፉ ቀን የተቀመጠ መለዋወጫ ያስመስለዋል። «ላቂ ማርሽ» ለሒሳቡ ታማኝ ነው፤ ሰሚው ግን ጉልበት ይሰማዋል፣ የተሳሳተውም ሐሳብ ከዚያ ይመጣል። እኔ የምመርጠው «ሰጋር ማርሽ» የሚለውን ነው። ሰጋር በቅሎ ሜዳ ስታገኝ ሳትጋልብ መንገድ ትቆርጣለች፣ የተቀመጠባትም አይናጥም፤ ዳገት ላይ ግን በቅሎውን የሚያሰግር የለም። ማርሹም ጠባዩ ይኸው ነው። ደግሞም «ማርሽ» ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ፣ መነሻው እርምጃ ማለት የሆነ ቃል ነው። እዚህ እስራኤል ልጆቻችን በዕብራይስጥ ማርሽን የሚጠሩበት «ሂሉኽ»ም አረማመድ ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ በሦስቱም ቋንቋ አይጎረብጥም። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፦ «ሰጋሩ ገባ»፣ «ዳገት ስትጀምር ሰጋሩን አጥፋው»፣ «ባለሰጋር አውቶማቲክ ካምቢዮ ገጠመለት»።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በ1934 ክራይስለር ኤርፍሎው የቦርግ ዋርነርን ኦቨርድራይቭ ይዞ ወጣ። በ1948 ደግሞ በእንግሊዝ ስታንዳርድ ቫንጋርድ ላይ የሌይኮክ ደ ኖርማንቪል ኦቨርድራይቭ ተገጠመ፤ ኋላ በትራያምፍ፣ በኤምጂና በቮልቮ ላይ በአንዲት ቁልፍ የሚገባውና የሚወጣው እሱ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሃይፋ ውስጥ ይገጣጠም የነበረው ስቱድቤከር ላርክም፣ በአገሩ በአሜሪካ ከእጅ ማርሹ ጋር ኦቨርድራይቭ በአማራጭ ይሸጥለት ነበር። እነዚህ ሁሉ ከማንዋል ካምቢዮ ጋር የሚሠሩ ነበሩ። አውቶማቲኩ ሰጋር ማርሽ ያገኘው ዘግይቶ፣ በነዳጅ ቁጣ ነው። በጥቅምት 1973ቱ ጦርነት ምክንያት የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲያቅቡ ዋጋው ሰማይ ወጣ። ያ ዋጋ ነው በየካቲት 1974 (በእኛ 1966 ዓ.ም.) የአዲስ አበባን ታክሲ ነጂዎች ለአድማ ያስነሳው፣ የንጉሡን መንግሥት ካናጉት ነገሮችም አንዱ ሆነ። አሜሪካ በ1975 የመኪኖችን የነዳጅ ፍጆታ የሚገድብ ሕግ አወጣች፣ ፋብሪካዎቹም በአውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ አራተኛ ማርሽ መጨመር ጀመሩ። የፎርድ ኤኦዲ በ1980፣ የጄኔራል ሞተርስ 200-4አር በ1981፣ 700አር4 በ1982 ወጡ። ዛሬ አሮጌ አሜሪካዊ መኪና ያለው ሰው የሚፈልጋቸው እነዚህኑ ነው።

በእስራኤል ያለችው አፉላ ለዚህ ጨዋታ የተሠራች ትመስላለች። በኢይዝራኤል ሸለቆ ሜዳ መሀል ከባሕር ጠለል በላይ 60 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከቄሳርያ በኩል ተነስቶ ዋዲ ዓራንና መጊዶን አልፎ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው 65 ቁጥር መንገድ በከተማዋ ያልፋል። ከመጊዶ እስከ አፉላ ያለው ቀጥ ያለ ሜዳ ነው። እዚያ ላይ በ1965 የተሠራ ሼቭሮሌት በሁለት ማርሹ ፓወርግላይድ ካምቢዮ ሲሄድ ሾፌሩ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር መነጋገር ይከብደዋል። ሰጋር ማርሽ የዚህ መንገድ መድኃኒት ነው፤ ግን አቅጣጫህን ቀይረህ ወደ ናዝሬት (የእኛዋን አዳማን ሳይሆን ዋናዋን) ወይም ወደ ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ስትወጣ ሰጋሩ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ አውቶማቲኩ ከአራት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አራት ሲወዛወዝ ዘይቱን ያግላል።

አዲስ አበባ ላይ ሒሳቡ ይለያል። በ2355 ሜትር ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፣ ሰጋር ማርሽ ደግሞ የተረፈ ጉልበት ይፈልጋል። በ2014 የተከፈተውና በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር የሚያስነዳው የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ሲወርዱ ይጠቅማል፤ ሲመለሱ ሽቅብ ነው። በነገራችን ላይ የአዲስ አበባ ቮልሶች አራተኛ ማርሻቸው 0.89 ገደማ ስለሆነ በወረቀት ሲታይ ኦቨርድራይቭ ነው። ግን ከኋላ 4.375 ዲፈረንሺያል አለ፤ ሁለቱ ሲባዙ 3.89 ይሆናል፣ ከላይ ካየነው 3.73 አንድ ለአንድ እንኳ ይበልጣል። የካምቢዮውን ቁጥር ብቻ አይቶ መግዛት የማይሆነው ለዚህ ነው።

በአሮጌ መኪና ላይ ወደሚደረገው የካምቢዮ ቅየራ ስንመጣ ቱርቦ 350 የሚባለው የድሮው ባለሦስት ማርሽ ካምቢዮ 2.52፣ 1.52 እና 1.00 ነው። 700አር4 ደግሞ 3.06፣ 1.63፣ 1.00 እና 0.70። የ700አር4 አንደኛ ማርሽ ጠንካራ ስለሆነ መኪናው ሲነሳ ይፈነጠራል፤ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲዘል ግን ጉድጓድ የገባ ያህል ይሰማል። 200-4አር 2.74፣ 1.57፣ 1.00 እና 0.67 ነው፤ እርምጃው የተመጣጠነ ነው። ርዝመቱም አጭር ጅራት ካለው ቱርቦ 350 ጋር እኩል፣ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 700አር4 ግን 78 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ የካርዳን ዘንጉ ቶርኖ ቤት ሄዶ ማጠርና ሚዛኑ መስተካከል አለበት፣ ካምቢዮውን የሚሸከመው ብረትም ወደ ኋላ ይሄዳል። ገንዘብህን ቆጥረህ ከመረጥክ፣ ለመንገድ መኪና እኔ 200-4አርን አስቀድማለሁ።

ብዙ ካምቢዮ የሚገድለው ግን አንዲት ቀጭን ገመድ ናት። ካርቡራተሩን ከካምቢዮው የምታገናኘው፣ መካኒኮች ቲቪ ኬብል የሚሏት ናት። ስሟ ቴሌቪዥን ያስመስላታል፤ ከቴሌቪዥን ጋር ምንም የላትም። ሥራዋ ሾፌሩ ቤንዚን መስጫውን ምን ያህል እንደረገጠ ለካምቢዮው መንገር ነው፣ ካምቢዮውም በዚያ ልክ የዘይቱን ግፊት ከፍ ያደርጋል። በድሮዎቹ ካምቢዮዎች ተመሳሳይ ሽቦ ብትላላ ማርሹ ሲዘገይ ወይም ሲቸኩል ታየዋለህ እንጂ ካምቢዮው አይሞትም። እዚህ ግን ከላላች ግፊቱ ይወድቃል፣ ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች ይንሸራተታሉ፣ አዲስ የታደሰ ካምቢዮ በመጀመሪያው አጭር ጉዞ ሊቃጠል ይችላል። ነገሩን የሚያከፋው፣ አሮጌ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ያልሆነ ካርቡራተር ስለሚገኝ ክንዱ ገመዷን በትክክለኛው ማዕዘን አለመሳቡ ነው። ለዚህ የሚሸጥ ማስተካከያ ቁራጭ አለ፤ ርካሽ ነው፣ የሚረሳውም እሱ ነው። ቤንዚን መስጫው እስከ ወለል ሲረገጥ ገመዷ እስከ መጨረሻዋ መሳቧን በዓይን ሳያዩ ሞተሩን ማስነሳት የለም።

ሌላው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው፣ በዘይት የሚያያዘው ቶርክ ኮንቨርተር ነው። ዘይት ስለሆነ ሁልጊዜ ትንሽ ይንሸራተታል፤ ዙሩ ዝቅ ባለበት በሰጋር ማርሽ ሲንሸራተት ደግሞ ሙቀት ያመነጫል። ስለዚህ ውስጡ በመንገድ ላይ የሚቆልፈው ፍሪሲዮን አለ፣ እሱም ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። በ1965 መኪና ላይ ያ ሽቦ የለምና ይዘረጋል፣ ፍሬን ሲረገጥ እንዲለቅም ከፍሬን መብራት ማብሪያው ጋር ይገናኛል፤ አለዚያ ስትቆም ሞተሩ ይጠፋል። ለሸለቆው የሐምሌ ሙቀት ደግሞ ከራዲያተሩ ሌላ የራሱ ዘይት ማቀዝቀዣ ቢገጠምለት ቅንጦት አይደለም። በ1993 የመጣው 4ኤል60ኢ ይህን ሁሉ በኮምፒውተር ይሠራል፣ ኮምፒውተሩን ግን ለብቻው መግዛት ነው።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ሰጋር ማርሽ የገባለት መኪና በ110 ላይ ጸጥ ይላል፣ ጸጥታው ደግሞ ሾፌሩን ያታልላል። ከበሮ ፍሬኑ ያው የ1965ቱ ነው። ካምቢዮ የሚቀይር ሰው ቢያንስ የፊት ፍሬኑን ወደ ዲስክ ሳይቀይር ሥራው አልቋል ሊል አይገባም፤ እኔ እንዲያውም ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ።

እስራኤል ውስጥ 30 ዓመት የሞላው መኪና የአስፓኑት (የሰብሳቢ) ተሽከርካሪ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። በመኪና አሠራር ላይ የሚደረግ ለውጥ ደግሞ «ሺኑይ ሚቭኔ» ይባላል፣ ከትራንስፖርት ሚኒስቴርም ፈቃድ ይፈልጋል። መኪናውን ለሙሳክ (ለጋራዥ) ከመስጠትህ በፊት የምታስበው ለውጥ በዚህ ውስጥ ይገባ እንደሆነ፣ ምዝገባውንም ይነካ እንደሆነ ከፈቃድ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ጠይቅ። የድሮውን ካምቢዮ አትሽጠው፤ ዘይቱን አፍስሰህ፣ አፉን ደፍነህ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጠው። ፈቃድ ቢከለከል ወይም ገዢ መኪናውን እንደ ፋብሪካው ቢፈልገው የሚመለሰው እሱ ነው። 200-4አርን ከመረጥክ ደግሞ የካርዳን ዘንጉ ስለማይቆረጥ መመለሱ የአንድ ቅዳሜና እሁድ ሥራ ነው፤ ሰንበት ለሚያከብር ሰው ግን ሌላ ቀን መቅጠር ነው።