ብቻውን የሚሄድ ጎማ

ሰው በአንድ ጎማ መጓዝን ከተመኘ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1932 እንግሊዛዊው ጆን ፐርቭስ፣ ነጂው በግዙፍ ጎማ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥበትን «ዳይናስፌር» ለሕዝብ አሳይቶ ነበር፤ ፍሬን ሲያዝ ነጂው ከጎማው ጋር አብሮ እንዳይሽከረከር ያሰጋ ነበርና ከትርኢት አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ሼን ቼን በአሜሪካ «ሶሎዊል»ን ለገበያ አቀረበ፤ ቆመው የሚነዱት፣ መሪም መቀመጫም የሌለው የኤሌክትሪክ ጎማ ነው። ነጂው ወደ ፊት ሲያዘነብል ሞተሩ ጎማውን ከሥሩ ያስከትልለታል፤ ኃይሉ ድንገት ቢቋረጥ ግን የሚደግፈው ሌላ ጎማ የለም። ለስላሳ አስፋልት ባላቸው ከተሞች እንኳ የጥቂት አፍቃሪዎች ሆኖ ቀርቷል። ምክንያቱ የመውደቅ ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም። «ሶሎ» ማለት «ብቻ» ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ ተናዟል።

ከሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በወላይታዋ አረካ፣ ብቻውን የሚጓዝ ማን ነው? ባጃጅ የህንዳዊ አምራቹን ስም ይዞ መጥቶ አገርኛ ቃል የሆነው በፍጥነቱ አይደለም፤ ከሾፌሩ ኋላ ሦስት ሰው ስለሚያስቀምጥ ነው (ጭን ላይ ሕፃን፣ እግር ሥር ዶሮ ሳይቆጠር)። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ «ኤሌክትሪክ» የሚለው ቃል ከመንገዳችን ጋር ተዛምዷል። የባጃጅ ሒሳብ የሌላት ሴት ግን ቆጮዋን በጀርባዋ ተሸክማ ዛሬም በእግሯ ገበያ ትወርዳለች። ባለ አንድ ጎማው በነጻ ቢሰጣትስ፣ ሸክሟን የት ታስቀምጠዋለች?