እጅ ሲናገር ኮምፒዩተር እንዴት ሊያነብ ቻለ

በአንበሳሜ ገበያ፣ ከጫጫታው የተነሣ መደማመጥ ያቃታቸው ሁለት ሰዎች ከማዶ ለማዶ በእጃቸው ሲጠቃቀሱ ማየት ለማናችንም እንግዳ ነገር አይደለም። ኮምፒዩተር ግን እንዲህ ያለውን ጥቅሻ እስኪለይ ድረስ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ከዚህ ታሪክ ጥቂቱን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን፤ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ1980 ዓ.ም. ሪቻርድ ቦልት የተባለ አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም «ያንን እዚያ አኑር» የተሰኘ ሥራ አሳየ። ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ በግድግዳ ወደሚታየው ሥዕል እየጠቆመ በቃሉ ሲያዝ፣ ኮምፒዩተሩ ሥዕሉን ከቦታ ቦታ ያዛውር ነበር። ነገር ግን አቅጣጫው ይታወቅ ዘንድ መሣሪያ በእጁ ላይ መታሰር ነበረበት። በ2010 ማይክሮሶፍት ኪኔክት የተባለውን የጨዋታ ካሜራ ሲያወጣ ይህ እስራት ቀረ። ኪኔክት በዓይን በማይታይ ብርሃን ርቀትን እየለካ 20 የአካል ነጥቦችን ይከታተል ነበር። ይህም ለዘላይና ለጨፋሪ በቂ ነው፤ ጣቶችን ለይቶ አይከታተልም ነበርና በጣቱ ለሚናገር ሰው ግን ብዙ አልጠቀመም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ይብስ ይከብዳል። በአሜሪካ የጣት ፊደል ከ26ቱ ሆሄያት እጅን ማንቀሳቀስ የሚያሻቸው ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ፣ የቀሩት በአንድ ፎቶግራፍ ሊነበቡ ይችላሉ። በኢትዮጵያ የጣት ፊደል ግን የእጁ ቅርጽ «ለ» ወይም «መ» መሆኑን ሲነግረን፣ ካዕብ ይሁን ሳብዕ የሚለየው በእንቅስቃሴው ነው። እንግዲህ ቅርጽ ብቻ የሚያይ ኮምፒዩተር ላምን ከሎሚ በምን ይለያል? ስለዚህ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ከቅርጹ ሌላ የእጁን ጉዞም መከታተል ግድ ሆኖባቸዋል።

በ2019 ጉግል በተራ የስልክ ካሜራ የአንድ እጅ 21 ነጥቦችን የሚከታተል ፕሮግራም በነፃ አወጣ። መሣሪያው እንግዲህ ከኪስ ገብቷል፤ የጎደለው አስተማሪ ነው። አስተማሪዎቹም መስማት የተሳናቸው ሰዎች ራሳቸው ቢሆኑ እንወዳለን። የምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል ብቻ አይደለምና። በብዙ የምልክት ቋንቋዎች ጥያቄ የሚታወቀው በቅንድብ ነው። መስማት የተሳናት እናት በሐኪም ፊት «ልጄ ዳነ?» ብትል፣ ጣት ብቻ የሚያይ ኮምፒዩተር «ልጄ ዳነ» ብሎ ያነበዋል።