ካርዷ በየትኛው ፊደል ተጻፈች?

ስሙኝማ ወገኖቼ! ዘመኑ 1971፣ ወሩ ሐምሌ ነው። ደርግ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን አወጀ፤ ተማሪና መምህር በየገበሬ ማኅበሩ ተሰማራ። ትምህርቱ በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ ኋላ 15 ደረሰ። ኦሮምኛው፣ ወላይትኛው፣ ሶማሊኛው፣ ሁሉም የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ይህቺን ያዙልኝ።

እ.ኤ.አ. በ1980 ዘመቻው የዩኔስኮን ሽልማት አገኘ። መንግሥትም ፈተና ያለፈውን እየደመረ፣ ከግማሽ የሚበልጠው ሕዝብ ማንበብ ቻለ አለ። የ1987ቱ ሕዝብ ቆጠራ ሲመጣ ግን ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከአራት አንድ እንኳ አልሞላም። ያ ሁሉ አንባቢ ወዴት ገባ? እኔ ሕዝቡን አልወቅስም። ጋዜጣም መጽሐፍም በማይደርስበት ቀበሌ የተማሩት ፊደል ይረሳል። ደግሞስ ቆጠራው ማንንም አላስነበበም፤ አባወራው ስለ ሚስቱም ስለ ልጆቹም መለሰ፣ ቆጣሪው ጻፈ፣ አለቀ።

የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ካርድ ይዞ ይመጣል። ካርዷ ላይ ያለችው ስለ እርሻ ወይም ስለ ልጆች የምታወራ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። ጠያቂዋ ካርዷን ታቀብልና "እስቲ ያንብቡልኝ" ትላለች። ሙሉውን ያነበበም፣ ከፊሉን ያነበበም አንባቢ ተብሎ ይመዘገባል። በዚህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ ሴቶች 29፣ በ2016 ደግሞ 42 አንባቢ ተባሉ፤ ወንዶቹ ከ59 ወደ 69 አደጉ። በክልል ሲታይ አዲስ አበባ ከላይ፣ አፋርና ሶማሌ ከታች ናቸው።

አሁን ያቺን ያስያዝኋችሁን አምጡልኝ! በዘመቻው ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት የነበረች አንዲት የአርሲ እናት አለች እንበል። በኩራዝ ብርሃን ተምራ፣ ኦሮምኛዋን በግዕዝ ፊደል አነበበች። በ1984 ኦሮምኛ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ይጻፍ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጥናቱ ደጇ ሲደርስ 46 ዓመቷ ነው። ካርዷ በቁቤ ከተጻፈች፣ አፍ የፈታችበትን ቋንቋ እያየች ዝም ትላለች። ጠያቂዋም "ጨርሶ ማንበብ የማትችል" ከሚለው ላይ ምልክት ታደርጋለች። ቅጹ ለቋንቋው ካርድ ለታጣለት ሰው መደብ አለው፤ ዓይኑ ለማያይም አለው። ፊደሉ ለተለወጠበት ግን የለውም።

ክልልን ከክልል የምታወዳድሩ ባለሙያዎች ሆይ፣ ከየክልሉ ቁጥር አጠገብ ካርዱ በየትኛው ቋንቋና በየትኛው ፊደል እንደቀረበ ጻፉልን። ቅጹ ላይም ይቺን ጥያቄ ጨምሩ፦ "በሌላ ፊደል ያነባሉ?"