ለአብራሪዎች በሚወጣው የአየር ጠባይ ዘገባ ውስጥ የቀሩ የፈረንሳይኛ ቃላት

የበረራ ተማሪ የአየር ጠባይ ትምህርት ሲጀምር ቀድመው የሚፈትኑት «ሜታር» በሚባለው ዘገባ ላይ ያሉት ምሕጻረ ቃላት ናቸው። ሜታር አውሮፕላን ማረፊያዎች በየሰዓቱ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ የሚያወጡት ነው፤ ነፋሱ፣ እይታው፣ ደመናውና ሙቀቱ በአንድ መስመር ይሰፍራሉ። የቦሌውን «ኤች-ኤ-ኤ-ቢ» ከሚለው መለያው ታውቁታላችሁ። ካፊያ «ዲ-ዜድ»፣ ዝናብ «አር-ኤ» መሆኑን እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሁሉ ይደርስበታል። «ቢ-አር» ላይ ግን ግምቱ አይሠራም።

ቃሉ ፈረንሳይኛ ስለሆነ ነው። ፈረንሳይኛ ከዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ጥቂት ቃላቱም በኮዱ ውስጥ ገብተው ቀርተዋል። «ቢ-አር» የመጣው «ብሩም» ከሚለው፣ ስስ ጉም ማለት ከሆነው ቃል ነው። የብሩም ሥር ደግሞ ላቲን ነው፦ «ብሩማ» የዓመቱ አጭሩ ቀን ነበር፤ እሱም «አጭር» ከሚለው ቅጽል የወጣ ነው። ቀኑ የቀዝቃዛው ወቅት መጠሪያ ሆነ፤ በፈረንሳይኛ ደግሞ ስሙ በዚያ ወቅት ምድርን ወደሚሸፍነው ጉም ተሻገረ። የወቅት ስም እንዲህ መሻገሩ እኛም ጋ አለ፦ «ከርሞ» ከክረምት ጋር ከአንድ ሥር ወጥቶ መጪው ዓመት ሆኗል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪዎች «ቢ-አር»ን «ሕፃን ዝናብ» እያሉ ይሸመድዱታል። ይህ ዘዴ ያሳስታል። ብሩም አይዘንብም፤ አየር ላይ የተንሳፈፈ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ነው። ማለዳ ላይ ሙቀቱ 12፣ የጤዛ ነጥቡ 11 ሆኖ «ቢ-አር» የተጻፈበትን ዘገባ ያነበበ ተማሪ ሊያስብ የሚገባው ስለ ዝናብ ሳይሆን ሁለቱ ቁጥሮች ሲገናኙ ስለሚመጣው ነገር ነው። እይታ ከ1000 ሜትር ሲያንስ «ኤፍ-ጂ»፣ ጭጋግ፣ ይባላል። በዕለት ንግግራችን ጉምና ጭጋግ ይተካካሉ፤ በሜታር ግን 1000 ሜትር ይለያቸዋል።

«ጂ-አር»ም ፈረንሳይኛ ነው፤ «ግሬል»፣ ከደመና የሚወርድ በረዶ። ጠጠሩ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ይጻፋል፤ ሲያንስ «ጂ-ኤስ» ነው። እዚህ ላይ የአማርኛችን ነገር ያሳስበኛል። የግዕዙ «በረድ» ከዕብራይስጡና ከዐረብኛው ዘመዶቹ ጋር የሚወርደውን ጠጠር ይጠራ ነበር፤ ለሌላው የበረዶ ዓይነት «ሐመዳ» እና «አስሐትያ» የሚሉ ቃላት ነበሩት። ዛሬ ግን «በረዶ» ስንል ከሰማይ የሚወርደው ጠጠር፣ በተራራ ላይ የሚነጠፈው ነጭና በማቀዝቀዣ የረጋው ውሃ አንድ ላይ ይገባሉ። ለአብራሪ ልዩነቱ ሕይወት ነው፦ ጠጠሩ የፊት መስታወት ይሰነጥቃል፤ ክንፍ ላይ የሚረጋው ደግሞ አውሮፕላኑን የሚያነሣውን ኃይል ይቀንሳል። ልዩነቱን የሚያሳዩ ቃላት ግን አልጠፉም፦ ከሐመዳ የወረደው «አመዳይ» እንደ «ውርጭ» ሁሉ አሁንም በአማርኛ አለ።

ጠጠሩን የሚሸከመው ደመና ስሙ ላቲን ነው፤ አብራሪዎች «ሲቢ» ይሉታል፣ ኩሙሎኒምበስ። በ1802 እ.ኤ.አ. የለንደኑ መድኃኒት ቀማሚ ሉክ ሃዋርድ ደመናዎችን ሲሰይም ኩሙለስን «ቁልል»፣ ኒምበስን «ዝናብ ያዘለ ደመና» በሚል ትርጉማቸው ወሰዳቸው፤ ሁለቱን ያጣመሩት ከእሱ በኋላ የመጡ ናቸው። ኩሙለስና የእኛ «ክምር» በድምፅም በትርጉምም ይቀራረባሉ፤ ነገር ግን ዝምድና የላቸውም። የሥርወ ቃል አጥኚን የሚያሳስተው እንዲህ ያለው መመሳሰል ነው።

የበረራ መምህራን፣ እነዚህን ፊደላት ከነሥራቸው አስተምሩ፤ ብሩምን ያወቀ ተማሪ «ቢ-አር»ን ከዝናብ አያምታታም። የቴክኒክ መዝገበ ቃላት የምታዘጋጁም አዲስ ቃል ከመፍጠራችሁ በፊት አመዳይንና ውርጭን ወደ ሥራ መልሷቸው።