እማሆይና ሲስተር፦ ሴት ልጅ መቼና ምን ትታ ትመንናለች?



ዛሬ የምናገረው አንዲት ሴት የካቶሊክ ገዳማዊት እኅት ስለምትሆንበት መንገድ ነው። ጉዳዩን ግን ከሮም ሳይሆን ከራቤል ብጀምረው እመርጣለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በግሼም ሆነ በመንዝ ደጋ «መነኮሱ» ሲባል ቀድመው የሚታሰቡን ዕድሜያቸው የገፋ፣ ባላቸውን የቀበሩ፣ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ፣ ቆብ የደፉ እናት ናቸው፤ «እማሆይ» እንላቸዋለን። «ሲስተር» ሲባል ደግሞ የምትታየን የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። በነገራችን ላይ ነርሷና ገዳማዊቷ በአንድ ቃል መጠራታቸው ድንገተኛ አይደለም፤ በአውሮፓ ለብዙ ዘመን ሕሙማንን ያስታምሙ የነበሩት ገዳማውያት ናቸው።

የሁለቱን መንገዶች ልዩነት በሃይማኖት ክርክር ብቻ ለመፍታት የሚሞክሩ አሉ። እኔ ይህ በቂ አይመስለኝም። ለታሪክ አጥኚ የሚበጁት ሁለት ቀላል ጥያቄዎች ናቸው፦ ሴቲቱ የምትመንነው በየትኛው የዕድሜዋ ዘመን ነው? ስትሄድስ ምን ትታ ነው?

በመንዝ የርስት ሥርዓት መሬት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለ ነበር ሴት ልጅም ባለርስት ነበረች። ባሏ የሞተባት ሴት ርስቷን ለልጆቿ ለቅቃ፣ የቁም ተዝካሯን አውጥታ፣ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጎጆ ቀልሳ ስትመነኩስ፣ ቀለቧ ከዚያው ከለቀቀችው መሬት ይመጣላት ነበር። ምንኩስናው ከዓለም መለየት ቢሆንም ከልጆቿ ጋር የተደረገ ያልተጻፈ ውልም ነበረበት። ጸሎተ ፍትሐት ተደርሶላት እንደ ሙት ትቆጠራለች፤ የልጅ ልጆቿ ግን እንጀራ ይዘውላት ይመጣሉ። የ1975 የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር የዚህ ውል መሠረትም አብሮ ተናጋ። ስለ አዋጁ ስንጽፍ ባላባቱንና ጭሰኛውን እንጂ እማሆይን እምብዛም አናነሣም።

ከትዳር በኋላ መመነን የቆየ ትውፊት አለው። የ15ኛው ክፍለ ዘመኗ ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ የዚችው የሰሜን ሸዋ የቡልጋ ልጅ ናት፤ ባልና ልጆች ነበሯት፤ ትታቸው ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ ኋላም ወደ ጣና ሄደች። ለዛሬው ርእሳችን ይበልጥ የምትቀርበው ግን ወለተ ጴጥሮስ ናት። በ1592 የተወለደችው ይህች የመኳንንት ልጅ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ አማካሪ ነበር። አምልጣ ብትሄድ የተጠለለችበትን ሀገር በጦር አስጨነቀው፤ ስለ ሕዝቡ ስትል ተመለሰች። በ1617 አቡነ ስምዖን በተገደሉ ጊዜ ባሏ እጁ እንዳለበት ስታውቅ ዳግመኛ ተለየችው። ከእርሷ ጋር የመነኮሰችው እኅተ ክርስቶስም ባልና ልጅ ትታ የመጣች ነበረች። ንጉሡ በ1622 ካቶሊክነቱን በይፋ ሲያውጅ ወለተ ጴጥሮስ ተቃወመች፤ ተከሰሰች፤ ተጋዘች። እስከ ዕረፍቷ፣ እስከ 1642 ድረስ፣ ሰባት ማኅበራትን መሥርታለች። ገድሏ በ1672 በገላውዴዎስ ተጻፈ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የጊዜው የካቶሊክ ተልእኮ በኢየሱሳውያን እጅ ነበር፤ ኢየሱሳውያን ደግሞ የሴቶች ማኅበር የላቸውም። በአውሮፓም ቢሆን ከ1566ቱ የጳጳሱ የፒዮስ አምስተኛ ድንጋጌ ወዲህ ሴት መነኮሳት ከአጥር ውስጥ እንዳይወጡ ታዘው ነበር። እንግዲህ የሱስንዮስን እምነት የተቀበለች ወይዘሮ መመነን ብትሻ የምትገባበት ደጅ ከፊቷ አልነበረም፤ የተቃወመችው ግን ወለተ ጴጥሮስ የመሠረተቻቸው ማኅበራት ነበሩላት። የሴቶቹ ተቃውሞ ለምን ያን ያህል በረታ ለሚለው ጥያቄ ይህ አንዱ መልስ ይመስለኛል።

ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት የመለሰው በ1632 ነው። በዓመቱ፣ በ1633፣ ቪንሰንት ደ ፖልና ሉዊዝ ደ ማሪያክ በፓሪስ የፍቅር ሥራ ልጆችን መሠረቱ። እነዚህ ሴቶች የአጥሩን ሕግ ያለፉት በየዓመቱ የሚታደስ ስእለት በመያዝና ድኻውን በየቤቱ እየዞሩ በማገልገል ነበር። ሆኖም በየመንደሩ የሚያገለግሉ የቀላል ስእለት ማኅበራት በሙሉ ሕግ እንደ ገዳማውያን የታወቁት ሊዮ ዐሥራ ሦስተኛ በ1900 ባወጡት ድንጋጌ ነው። ዛሬ «ሲስተር» የምንላት ሴት በሕግ የታወቀችው እንግዲህ ከዐድዋ ድል በኋላ ነው።

በሸዋ የካቶሊክ ሚስዮን ታሪክ ከጉሊየልሞ ማሳያ ጋር የተያያዘ ነው። ካፑቺኑ ጳጳስ በ1868 ሸዋ ገብተው በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በልቼ ከነበረው የምኒልክ ቤተ መንግሥት ተቀመጡ። የ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ አለፈ፤ በዓመቱ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከሀገር ወጡ። የማዘር ቴሬዛ እኅቶች ወደ አዲስ አበባ የመጡት በ1973 ነው። የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት የተቋቋመው ደግሞ በ2015 ነው፤ ትናንት ማለት ይቻላል።

ታዲያ መንገዱ ምን ይመስላል? በ1983ቱ የላቲን ቀኖና መሠረት 17 ዓመት ያልሞላት ሴት ወደ ተመክሮ፣ ማለትም ወደ ኖቪሺየት፣ ልትገባ አትችልም። ባሏ በሕይወት ያለና ጋብቻዋ የጸና ሴትም እንዲሁ፤ ባሏ የሞተባት ግን አትከለከልም። ልትከፍለው የማትችለው ዕዳ ያለባትን አይቀበሏትም። ተመክሮው ቢያንስ 12 ወር ነው። ከዚያ የድህነት፣ የንጽሕናና የታዛዥነት ስእለት ለተወሰነ ጊዜ ትገባለች፤ ይህም በመደበኛው ከ3 ዓመት አያንስም፣ ከ6 አይበልጥም። የዘለዓለሙን ስእለት ከ21 ዓመቷ በፊት መግባት አትችልም። ማኅበሩ ይመረምራታል፤ እርሷም ማኅበሩን ትመረምራለች፤ ጊዜው ሲያልቅ ያለ ነውር ወደ ቤቷ ልትመለስ ትችላለች። የእኛዋ መነኩሲት ከቀሚስ ወደ ቅናት፣ ከቅናት ወደ ቆብ፣ ከቆብ ወደ አስኬማ ስታልፍ ግን መንገዱ ወደ ኋላ አይመልስም።

የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የ1990 ቀኖና በበኩሉ ለገዳማት የ3 ዓመት ተመክሮን በመርሕ ደረጃ ይዟል። ይህ ቁጥር ዩስጢንያኖስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ካወጀው ሕግ ጋር ይገጥማል። በግእዝ ሥርዓት የምትቀድሰው የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ቀኖና ሥር ናት፤ በሀገራችን የሚሠሩት የሴቶች ማኅበራት ግን አብዛኞቹ ከምዕራብ የመጡ ናቸው። መነሻው ምሥራቃዊ፣ ማኅበሩ ምዕራባዊ መሆኑን ያላስተዋለ ሰው ሁሉንም በአንድነት «የፈረንጅ» ብሎ ያልፈዋል።

ሳያገቡ መመነን በኦርቶዶክሱም ወገን የለም ማለቴ አይደለም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉት የፒያኖ ሊቅ፣ ገና በወጣትነታቸው ወሎ ግሼን ማርያም ገብተው መንነዋል። (ግሼን ከእኛዋ ግሼ ጋር በስም ቢመሳሰሉም ሌላና ሌላ ናቸው።)

አንድ ድንጋጌ ልጨምር። የላቲኑ ቀኖና ገዳማዊቷ ከመጀመሪያው ስእለት በፊት የንብረቷን አስተዳደር ለመረጠችው ሰው እንድታስረክብ፣ ቢያንስ ከዘለዓለሙ ስእለት በፊት ደግሞ በሀገሩ ሕግ የሚጸና ኑዛዜ እንድትጽፍ ያዛል። የመንዟ እማሆይ በቃል ትፈጽመው የነበረውን እዚህ በወረቀት እናገኘዋለን። ልዩነቱ የያዙት ነገር ላይ ነው። አያት ለልጆቿ የምትለቀው ርስት ነበራት። በ1995ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በአማራ ክልል የሚሰጠው የይዞታ ደብተርም የባልና የሚስትን ስም በጋራ ይይዛል። ነገ ከራቤል ተነሥታ ወደ ተመክሮ የምትሄድ የ18 ዓመት ልጅ ስሟ እዚያ ደብተር ላይ አይገኝም፤ ኑዛዜዋን የምትጽፈው ይህን ይዛ ነው።