የተቆለፈው ጂም፦ መጋቢት 3 ቀን 1936

የዚህ መጽሐፍ ኮሚቴ የሰጠኝ ሥራ ቀላል ነበር። ስለ ባቻችን የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አንድ ሁለት ገጽ ጻፊ ተባልኩ። ተጫዋች አልነበርኩም፤ ነጥብ መዝጋቢ ነበርኩ። የተመረጥኩትም የእጅ ጽሑፌ ከባቹ ሁሉ የተሻለ ይነበባል ተብሎ ነው። ዛሬ ማዘዣዬን የሚያነቡ የፋርማሲ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም።

ወደኛ ቡድን ከመምጣቴ በፊት ግን የሌሎች ሕክምና ተማሪዎችን ጨዋታ ላጫውታችሁ። ካነበብኩት ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።

ቅርጫት ኳስን የፈጠረው ጄምስ ናይስሚዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 መጨረሻ፣ ስፕሪንግፊልድ በሚባል ከተማ በነበረው የወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት፣ ሁለት የኮክ ቅርጫት ከፍ አድርጎ ሰቀለና ተማሪዎቹን በብርዱ ወራት ቤት ውስጥ አጫወታቸው። ብዙዎቻችን የማናውቀው ሰውዬው ኋላ ሐኪም መሆኑን ነው። በ1898 ዴንቨር ከሚገኝ የሕክምና ኮሌጅ ተመርቆ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ ቡድኑን አሠለጠነ፤ በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ከድሉ ሽንፈቱ የበለጠበት ብቸኛው አሰልጣኝም እሱው የጨዋታው ፈጣሪ ሆኖ ቀረ።

በ1933 ጆን ማክሌንደን የሚባል ጥቁር ወጣት እዚያው ካንሳስ ለመማር መጣ። ናይስሚዝ ያኔ ሸምግሏል። ማክሌንደን በቆዳው ቀለም ምክንያት ለዩኒቨርሲቲው ቡድን መጫወት አይችልም። መዋኛውም ለጥቁር ዝግ ነው፤ እሱ ገብቶ ሲዋኝ ውሃው ተደፋ። ሽማግሌው ሐኪም ግን አማካሪው ሆኖ የሚያውቀውን ሁሉ አስተማረው። ማክሌንደን ያንን ይዞ ወደ ደቡብ፣ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ደርሃም ወደምትባል ከተማ ሄደ። በ1940 የኖርዝ ካሮላይና የጥቁሮች ኮሌጅ ዋና አሰልጣኝ ሆነ።

እዚህ ላይ «ኮንፈረንስ» የሚባለውን ነገር ላስረዳ። የአሜሪካ ኮሌጆች እርስ በርስ የሚወዳደሩት በየማኅበራቸው ነው፤ ማኅበሩ ኮንፈረንስ ይባላል። ነጮቹ ስለማያስገቧቸው ጥቁሮቹ ኮሌጆች በ1912 የራሳቸውን አቋቋሙ፤ ሲ.አይ.ኤ.ኤ. ይባላል። ከመሥራቾቹ አንዱ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሃዋርድ ለኛ ባዕድ አይደለም፤ የኛው ወሎዬ ዶክተር መላኩ በያን በ1935 በሕክምና የተመረቁት እዚያ ነው። ጣሊያን ሀገራችንን ሲወር ይህ ሰው ለአሜሪካ ጥቁሮች የኢትዮጵያ አፍ ሆነው ነው የሠሩት፤ በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቁመው በ1940 አረፉ። በሕክምና ትምህርት ቤት አራትም ስድስትም ዓመት ስንቀመጥ ስማቸውን ያነሳልን መምህር አልነበረም። ይህ ቅር ይለኛል።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። የማክሌንደን ቡድን የ1943–44 የውድድር ዘመንን የጨረሰው አንዴ ብቻ ተሸንፎ ነው። ሰውዬው ልጆቹን ያስሮጣል። በዚያ ዘመን ሌላው ቆሞ፣ ቀስ ብሎ ሲቀባበል፣ የሱ ልጆች ኳሱን ነጥቀው ሳይታሰብ ቀለበቱ ሥር ይገኛሉ፤ ተጋጣሚን ሜዳውን ሙሉ እያሳደዱ ያስጨንቃሉ። ግን በሀገር አቀፉ ውድድር ቦታ የላቸውም። ጥቁር ኮሌጅ አይጠራም።

በዚያችው ከተማ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ዱክ ዩኒቨርሲቲ አለ። ጦርነት ነውና ወታደሩ ሐኪም ይፈልጋል፤ በየኮሌጁ ኳስ ሲጫወቱ የነበሩ ጎበዞች ዱክ ገብተው ሕክምና ይማራሉ። እነዚህ ልጆች ከአናቶሚው ከዋርዱ በተረፈ ሰዓት ቡድን መሠረቱና የዩኒቨርሲቲውን ዋና ቡድን ሳይቀር ረቱ። እንግዲህ በአንድ ከተማ ሁለት ምርጥ ቡድን አለ፤ በሕጉ ግን መገናኘት አይችሉም። አውቶቡስ ላይ ተቀላቅሎ መቀመጥ እንኳ ያሳስራል።

ያገናኛቸው ወወክማ ነው። ከሁለቱ ኮሌጆች ጥቂት ተማሪዎች በድብቅ ለጸሎትና ለውይይት ይገናኙ ነበር። በአንዱ ስብሰባ ጉራ ተነሳ፤ የማን ቡድን ይበልጣል ተባለ። መቼም ኳስ የሚወድ ሰው ከዚህ በኋላ እንቅልፍ አይወስደውም። ማክሌንደን የ28 ዓመት ሰው ነው፤ ነገሩ ቢታወቅ ሥራውን ብቻ ሳይሆን የልጆቹንም ሕይወት ሊያሳጣ እንደሚችል ያውቃል። ሆኖም እሺ አለ።

ቀኑ እሑድ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1944 ነበር፤ በኛ መጋቢት 3 ቀን 1936። ንጉሡ ከስደት ከተመለሱ ገና ሦስት ዓመት አልሞላም፤ እኛ ዘንድ አንድም ኮሌጅ የለም። ሰዓቱ ከረፋዱ 5 ሰዓት። የከተማው ሰው፣ ፖሊሱም ጭምር፣ ቤተ ክርስቲያን ነው። የዱክ ልጆች በተዋሷቸው መኪኖች ጠመዝማዛውን መንገድ ዞረው መጡ፤ ሲወርዱ ጃኬታቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። ከገቡ በኋላ የጂሙ በር ተቆለፈ። ተመልካች የለም። ዳኛ አለ፣ ሰዓት አለ፣ ነጥብ አለ። ሹክሹክታው የደረሳቸው ጥቂት ተማሪዎች ውጭ መስኮት ላይ ተንጠልጥለው አዩ።

መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ወገን ተርበተበተ። ኳስ ከእጅ ያመልጣል፣ ቀላሉ ይሳታል። አብዛኞቹ ከሌላ ዘር ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው አያውቁማ! ከማክሌንደን ልጆች በዕድሜ ትንሹ ኦብሪ ስታንሊ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ነጮቹ እንደማንም ሰው መሆናቸውንና ሊሸነፉ እንደሚችሉ ሜዳው ውስጥ ድንገት እንደገባው በስተርጅና ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ሩጫው ተጀመረ። ውጤቱ 88 ለ 44። እጥፍ!

ለኔ ግን ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ትንፋሽ ከሰበሰቡ በኋላ ወደ ቤት አልሄዱም። ተቀላቅለው፣ ግማሹ ሸሚዝ ለብሶ ግማሹ አውልቆ፣ ሌላ ጨዋታ ተጫወቱ። ከዚያም ዶርም ሄደው ወሬ ያዙ። ጃክ በርጀስ የተባለው የዱክ ተጫዋች ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቀኑ ሲያልቅ አብዛኞቹ የደቡብ ልጆች ጓደኞቹ አመለካከታቸው እንደተለወጠ ነግሯቸዋል። አንድ የጥቁሮች ጋዜጣ ሪፖርተር ነገሩን ሰምቶ ሳይጽፈው ቀረ። ጋዜጠኛ ወሬ ይዞ ዝም ሲል ምን ያህል አደገኛ እንደነበር ገምቱ።

አደጋው የምናብ አልነበረም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር፣ በዚያችው ደርሃም፣ ቡከር ስፓይስሊ የተባለ ጥቁር ወታደር በአውቶቡስ መቀመጫ ምክንያት ከሹፌሩ ጋር ተጨቃጨቀ፤ ሹፌሩ በሽጉጥ ገደለው። ፍርድ ቤት በነጻ ለቀቀው። የቆሰለውን ሰው መጀመሪያ የተወሰደበት ሆስፒታል በዘሩ ምክንያት አልተቀበለውም፤ የሞተው በዱክ ሆስፒታል ነው። ከአራት ወር በፊት ተሸንፈው ከጥቁር ልጆች ጋር ዶርም የተቀመጡት ተማሪዎች የሚማሩበት ሆስፒታል ማለት ነው። ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አትጠይቁኝ።

የማክሌንደን ኮሌጅ በ1946 በመጀመሪያው የሲ.አይ.ኤ.ኤ. ዋንጫ ቨርጂኒያ ዩኒየንን በሦስተኛ ተጨማሪ ሰዓት አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ያ በመዝገብ አለ። የ1944ቱ ጨዋታ ግን በየትም መዝገብ የለም። ስኮት ኤልስወርዝ የተባለ የታሪክ ሰው በ1996 አደባባይ እስኪያወጣው ድረስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ተደብቆ ኖረ። ማክሌንደን ያንን አይቶ በ1999 ሞተ።

አሁን ወደኛው። እኔ ጎብዬ ተወልጄ ሳድግ ኳስ ማለት ማሽላው ከታጨደ በኋላ በቆረኑ መሀል የሚለጋ የካልሲ ኳስ ነው። ቅርጫት ኳስ ያየሁት ግቢ ገብቼ ነው። የባቻችንን አምስቱን ታስታውሳላችሁ። አንዱ ከጅማ፣ አንዱ ከደብረ ማርቆስ፣ ሁለቱ ከአዲስ አበባ፤ ኳስ የሚያከፋፍለው ደግሞ የመቀሌ ልጅ። በእረፍት ወደ ቤት ስንሄድ እሱና እኔ በአንድ አውቶቡስ ነበር። እኔ ጎብዬ ላይ እወርዳለሁ፤ እሱ በቆቦ፣ በአላማጣ አድርጎ ይቀጥላል። እናቴ መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቀኝና ለሱም በመስኮት ቆሎ ታቀብለው ነበር፤ «ልጄ፣ ለመንገድህ» እያለች።

ሲ ዋን በነበርንበት ዓመት ለፍጻሜ ደረስን። በዚያው ሰሞን ግቢው በጠበጠ። ተማሪው በቋንቋ ተከፋፍሎ ዶርም መቀያየር ጀመረ፤ ሜዳው ተቆለፈ፣ ጨዋታው ተሰረዘ። «ይለፍ፣ ኋላ እናደርገዋለን» ተባለ። አልተደረገም። እኛም ወደ ዋርድ ገባን፣ ራውንዱ ዋጠን፣ ተመረቅን፣ ተበተንን።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የኛ መንገድ የጦር መንገድ ሆነ፤ ጎብዬም ቆቦም ያዩትን አይተዋል። ስልክ ተቋረጠ። ሲቀጠልም ለመደወል እጄ ፈራ። ምን ብዬ እጀምራለሁ? እሱስ ምን ይለኛል? ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። የደወልኩት ይህን ጽሑፍ ስጀምር ነው፤ የኮሚቴው ሥራ ሰበብ ሆነኝ። ድምፄን እንደሰማ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ እናቴ ነው። ደህና ናት አልኩት። ቆሎው ትዝ ይለዋል።

የዚያ ፍጻሜ የነጥብ ወረቀት እኔ ጋ አለ። የአሥሩ ልጆች ስም በኔ ጽሑፍ በሁለት ረድፍ ተጽፏል፤ የነጥቡ ዓምድ ባዶ ነው። ከአሥሩ ስምንቱን በስልክ አግኝቻለሁ። የደብረ ማርቆሱ ወገቡን ታሟል፣ ዳኛ ልሁን ብሏል። የመቀሌው ጉልበቱ ቢያምም በሕይወቴ የተረፈኝ ጨዋታ እሱ ነው፣ እመጣለሁ ብሎኛል። የተጋጣሚው ባች ልጆች ደግሞ ልምምድ ጀምረናል እያሉ ያስፈራሩናል። ኳስ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ።