ሸክሙ ከላይ፣ ሰውየው ከታች

መተማ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1889 የወደቁበት ጦርነት ነው። ትምህርት ቤት የሸመደድነውም ይህንኑ ነው። በዚያ ቆላ ግን ከጦርነቱ በፊትም በኋላም ሳያቋርጥ ሲመላለስ የኖረ ሌላ ነገር አለ፤ ሸክም። የጎንደር ነጋዴ ቡናውንና ሰሙን በበቅሎና በአህያ ጭኖ በጭልጋ በኩል ወደ መተማ ገበያ ሲወርድ ኖሯል፤ ከዚያ ወዲያ የሚረከበው ግመል ነበር። ስለ ጦርነቱ የጻፈ ሞልቷል። ስለ ሸክሙ የሚጽፍ ግን እምብዛም ስለሆነ ዛሬ እኛ እንሞክረው ብለናል። (ርእሱ ደረቅ ነው የምትሉ ትንሽ ታገሡን።)

ነገሩን የጀመረችብን ሳንጃ ናት። ከዓመታት በፊት፣ በኅዳር ወር፣ ከጎንደር ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ስንሄድ ሳንጃ ላይ ጎማ ተነፈሰብን። እስኪለጠፍ ድረስ ከአንድ መጋዘን ፊት ለፊት ጥላ ይዘን ተቀመጥን። ሰሊጥ እየተጫነ ነበር። አንድ አይሱዙ ጀርባውን ለመጋዘኑ በር ሰጥቶ ቆሟል፤ ከመሬት እስከ መኪናው ጠርዝ ድረስ ጣውላ ተጋድሟል። ጫኝና አውራጆቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ባዶ ጆንያ አጥፈው እንደ ቆብ አናታቸው ላይ ደፍተዋል። ሁለት ሰው ኩንታሉን ያነሣል፣ ሦስተኛው ከሥሩ ገብቶ በማጅራቱና በትከሻው ይቀበላል፣ ከዚያ በጣውላው ላይ በሩጫ ይወጣል። በሩጫ ነው የምንላችሁ። ጣውላው ስለሚረግብ መሀል ላይ የዘገየ ሰው አለቀለት። ሃምሳ ኩንታል ገደማ ሲጫን ቁጭ ብለን አየን።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው ምክረ ሐሳብ፣ አንድ ጎልማሳ ወንድ ሠራተኛ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ በላይ ከሆነ በቶሎ ወደዚያ እንዲወርድ ይላል። ኩንታል 100 ኪሎ ነው።

እንደ ከተማ ልጅ አፋችን ፈጠነ። ከመካከላችን ኢንጂነሪንግ የተማረው ልጅ “ከጣሪያው ሥር ሐዲድና ሰንሰለት ቢዘረጋ እኮ ይሄ ሁሉ ሰው አይሰቃይም ነበር” አለ። አጠገባችን አረፍ ያሉ አንድ ጎልማሳ ጫኝ ሰምተውት ኖሮ ቀና ብለው አዩት። “ኧረ አያ፣ ለእርስዎ አዝነን ነው” አላቸው።

“ማዘኑስ ደግ። ሰንሰለቱም ይምጣ። እኔሳ ወዴት ልሂድ ልጆቼ?”

መልስ አልነበረንም። ጎማው ተለጠፈ፣ ተነሥተን ሄድን። ጥያቄያቸው ግን እስከ ሑመራ አልለቀቀንም፤ ከዚያ በኋላ ነው የሰንሰለቱን ታሪክ ማገላበጥ የጀመርነው።

ሸክምን ከጫንቃ አንሥቶ አየር ላይ ማንጠልጠል ለእኛ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም በዘመኑ በርዝመቱ ከዓለም አንደኛ የነበረው መስመር የተተከለው ቀይ ባሕር ዳር ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን ሊወርር ሲሰናዳ ምጽዋ ወደብ በጭነት ተጨናነቀ። ከምጽዋ የተነሣው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1911 አስመራ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በጠመዝማዛ ሐዲድ እየተጎተተ የሚወጣ ባቡር ለአንድ ሙሉ ጦር ስንቅና ጥይት ይበቃል ተብሎ አልታመነም። ስለዚህ ቼሬቲ ኤ ታንፋኒ የሚባለው የሚላኖ ኩባንያ ከምጽዋ እስከ አስመራ ምሰሶ አቁሞ የብረት ገመድ ዘረጋ። ርዝመቱ ወደ 72 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሰው አይሳፈርበትም፤ ከ1,600 በላይ ትንንሽ የጭነት ሣጥኖች ገመዱ ላይ ተንጠልጥለው ገደሉን በላይ በላይ ያልፉታል። ስሙ ቴሌፌሪካ ነው።

የማጓጓዝ አቅሙ በሰዓት 30 ቶን ነበር። በእኛ ቋንቋ 300 ኩንታል፣ ማለትም የሳንጃዋን ዓይነት ስድስት አይሱዙ በየሰዓቱ። ያለ ጣውላ፣ ያለ ማጅራት። የሚያስቀው ግን ሥራው ተጠናቆ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1937 መሆኑ ነው። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው በግንቦት 1936 ነበርና ለወረራው የታሰበው ገመድ ወረራውን አልደረሰበትም።

እዚህ ላይ አንድ የሜካኒክስ ነገር እንናገር፤ ለኋላ ይጠቅመናል። እንዲህ ያለው ገመድ ጫፍና ጫፉ የተገናኘ ነው፤ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። ስለዚህ በአንዱ ጎን የሚወርደው ጭነት በሌላው ጎን የሚወጣውን ይስበዋል። ከተራራ ማዕድን የሚያወርድ መስመር ይህን ጸጋ በነጻ ያገኛል። በወራሪ ጦር መስመር ላይ ግን የሚከብደው ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚወጣው ነው። ቁልቁል የሚመለሰው ስለማይመዝን በየጣቢያው ሞተር ቆሞ መጎተት ነበረበት። ገመዱ የማን ዕቃ ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ከዚያ የሆነው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1941 ጣሊያን ተሸነፈ፣ እንግሊዝ ኤርትራን ያዘ፣ ቴሌፌሪካውም በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ተነቀለ። የተነቀለው እሱ ብቻም አልነበረም። መቃብሯ አዲስ አበባ ሥላሴ ካቴድራል የሚገኘው ሲልቪያ ፓንክረስት የገዛ አገሯ መንግሥት በወደቦቹ ላይ የሠራውን ማፍረስ እያወገዘች እ.ኤ.አ. በ1952 መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደርሳለች። በሌላ በኩል ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1943 ከክሪስቲነበርግ ቦሊደን 96 ኪሎ ሜትር የሚሆን ገመድ ዘርግተው የምጽዋውን ክብረ ወሰን ሰበሩ። የእነሱ እስከ 1987 ሠራ። የስዊድን ማዕድን ከስዊድን ጉድጓድ ወደ ስዊድን ፋብሪካ ያጓጉዝ ስለነበር ነቅሎ የሚወስደው አልተገኘም።

የፋብሪካው ሰንሰለት ደግሞ የመጣው ከሌላ ወገን ነው፤ ከቄራ። ሉካንዳ ቤት ገብታችሁ መንጠቆ ላይ የተሰቀለውን ሥጋ ስታዩ የፋብሪካ ታሪክ ታስቦን አያውቅም፤ ነገር ግን እዚያው ነው ያለው። በቺካጎ ቄራዎች በሬው ከላይ ባለ ሐዲድ ላይ ተንጠልጥሎ ከአንዱ ቢላ ያዥ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሠራተኛው አይነቃነቅም፣ አንዱ ቆዳ ብቻ ይገፋል፣ ሌላው አንድ ብልት ብቻ ይቆርጣል። ሄንሪ ፎርድ የመገጣጠሚያ መስመሩ ሐሳብ በጠቅላላው ከዚህ የቺካጎ ሐዲድ የመጣ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ጽፏል። እነሱ በሬውን ይበትኑ ነበር፣ እሱ መኪናውን ገጠመው። በ1913 ሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው ውስጥ አንድ ሻንሲ ለመግጠም ይፈጅ የነበረው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1919 ደግሞ ጀርቪስ ዌብ የሚባል ሰው የከሰል ማዕድን ውስጥ ያየውን ሰንሰለት ለመኪና ፋብሪካ እንዲሆን አድርጎ ጣሪያ ሥር ሰቀለው፤ ወለሉ ለሰውና ለማሽን ነጻ ሆነ።

ታዲያ ሠራተኛው ደስ አለው? በዚያው በ1913 ፎርድ የለቀቁበትን ለመተካት የቀጠረው ሰው ቁጥር ከጠቅላላ ሠራተኛው ሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ነበር። ሰው እየገባ ይወጣል። ሸክሙ ከትከሻ ቢወርድም ፍጥነቱን የሚወስነው ሰንሰለቱ ሆነ። ፎርድ በጥር 1914 የቀን ክፍያውን ወደ አምስት ዶላር ከፍ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፤ ቸር ስለሆነ ብቻ አይደለም።

ወደ ሳንጃ እንመለስ። ኢንጂነሩ ጓደኛችን ነገሩን አልተወውም፤ አንድ ቀን ወረቀት ይዞ መጣ። ስድሳ ሜትር የሚዞር ሰንሰለት፣ በየሁለት ሜትሩ አንድ መንጠቆ፣ ቢሞላ ሠላሳ ኩንታል። ሠላሳ ኩንታል ሦስት ሺህ ኪሎ ነው፤ ነገር ግን በጥሩ ጎማ ላይ የተንጠለጠለ ጭነት በደልዳላ ሐዲድ ሲሄድ የሚጠይቀው ጉልበት ከክብደቱ ከመቶ ሦስት እጅ ቢሆን ነው። ዘጠና ኪሎ። ኩርባውና ዳገቱ ይጨምርበታል፣ የሰንሰለቱም ክብደት አለ፤ ቢሆንም አንድ ሰው በማጅራቱ ከሚሸከመው ብዙም በማይርቅ ጉልበት ሠላሳው ኩንታል ይንቀሳቀሳል። ይህን ሲነግረን እኛም ደነገጥን።

“ታዲያ ለምን የለም?” ብለን ጠየቅነው። ሰሊጥ የሚጫነው በዓመት ጥቂት ወራት ነው፣ ሰንሰለቱ በቀረው ጊዜ ዝገት ይጠጣል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተር ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ የሰው ማጅራት ርካሽ ነው፤ ባለ መጋዘኑ በኩንታል ይከፍላል፣ ጭነት በሌለበት ወር ምንም አይከፍልም፣ ማጅራቱ ሲሰበርም መለዋወጫ አይገዛም። በማበጠሪያ ፋብሪካዎች ውስጥ እኮ ሰሊጡ በባልዲ ኤለቬተር ሽቅብ እየወጣ ይበጠራል። ማሽኑ የሚያነሣው ለሰሊጡ ጥራት ሲባል ነው። ጆንያ ውስጥ ገብቶ ከተሰፋ በኋላ ግን ተመልሶ ሰው ላይ ይወጣል።

እኛ የሚታየን እንዲህ ነው። ሰንሰለቱን የሚተክለው ባለ መጋዘኑ ከሆነ የጎልማሳው ጥያቄ መልስ የለውም። የጫኝና አውራጆቹ ማኅበር ቢተክለውና እንደ ወትሮው በኩንታል ቢከፈለው ግን ማጅራታቸው ያርፋል፣ ገንዘቡም እነሱው ዘንድ ይቀራል። ብድሩን ማን ይሰጣል ለሚለው ተከራክረናል፣ አልተስማማንም።

ጓደኛችን ሥዕሉ ላይ ሰው አልሣለም ነበር። ስንነግረው እርሳሱን አንሥቶ መስቀያው ጋ ሁለት፣ ማውረጃው ጋ ሁለት፣ አራት ሰው ጨመረ። ሰባቱስ አልነው። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ባዶ ቦታ ፈልጎ “ማኅበር” ብሎ ጻፈ፣ ሥሩ ላይ የጥያቄ ምልክት አደረገ፣ ቡናውን ጨልጦ ሄደ።